ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቶች አሠራር፤ ምን በጋራ ይሁን? ምን በግል ይቅር?

በትላልቅ ከተሞች የመሬት ዋጋ እየናረ፣ የሲሚንቶና የብረትም ዋጋ እየጨመረ በሄደ መጠን፣ አንድ ቤተሰብ ለብቻው የሚያሠራው ቤት ከብዙው ሕዝብ አቅም በላይ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሕንፃ ሠሪዎችም ሆኑ ገንዘባቸውን በቤት ሥራ ላይ ለማዋል የሚያስቡ ነጋዴዎች፣ ብዙ ቤተሰቦች አንዳንድ ክፍሎችን በጋራ የሚገለገሉበትን ሕንፃ መሥራት ያዋጣ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» በሚል አንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። አንዱ የጋራ ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሳይለየው ሲውል፣ ሌላው ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል፤ የዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ ሳይቆፈር ገና በንድፉ ወረቀት ላይ ሊታይ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

በጋራ መኖር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ግቢ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ በዙሪያውም አምስትም ዐሥርም ቤተሰብ፤ የብዙ ነባር ሰፈሮች መልክ ይኸው ነው። በተለይም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ፣ በቀበሌ ሥር በዋሉት ግቢዎች ውስጥ ቤተሰቡ እየበዛ ሲሄድ ማድ ቤቱና መጸዳጃው ግን ባሉበት ቀሩ። በእንዲህ ያለው ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ሁለት ዐይነት ትዝታ አለው። አንደኛው ቡና የተጠራራበት፣ ልጅን ለጎረቤት ትቶ ገበያ የተወጣበት፣ ሐዘኑና ሠርጉ የሁሉ የሆነበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሌሊት ዝናብ ወደ መጸዳጃ የተሮጠበት፣ «ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ያስመጥጥ? የውሃው ሒሳብ በሰው ቁጥር ይከፈል ወይስ በቤት ቁጥር?» እየተባለ የተከራከሩበት ነው። ልብ ብሎ ለመረመረው፣ ሰው በደስታ የተጋራው ነገርና በግድ የተጋራው ነገር አንድ አይደሉም። የቤት ንድፍ አውጪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው ይህን ነው።

ግዴታው በጎላበት አገር ነገሩ ይበልጥ ተገልጦ ይታያል። (የውጭ አገሩን ዘመን የምንጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በሩሲያ ከ1917 አብዮት በኋላ በሞስኮና በፔትሮግራድ የነበሩት ሰፋፊ ቤቶች በየክፍሉ ተከፋፍለው ለልዩ ልዩ ቤተሰቦች ተሰጡ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል፤ ማድ ቤቱ፣ መታጠቢያውና መጸዳጃው የሁሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? በአንዱ ማድ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ጠረጴዛና የራሱን ምድጃ አቆመ፤ በደጁ ላይ ለየቤተሰቡ የተለየ ደወል ተሰቀለ፤ የመብራት ወጪ ላለመጋራት ሲባልም በመጸዳጃው ውስጥ ለየቤተሰቡ የተለየ አምፖል የተንጠለጠለበት ቤት ነበር። የጋራ ተብሎ የተሰጠው ክፍል በሰዎቹ እጅ ተመልሶ በየግል ተሸነሸነ ማለት ነው።

ከዚህ የተሻለ ጥናት የተደረገበት፣ አርክቴክቶቹ ሞይሴይ ጊንዝበርግና ኢግናቲ ሚሊኒስ ለገንዘብ ኮሚሳሪያት ሠራተኞች የሠሩት፣ በ1930 የተፈጸመው ናርኮምፊን የተባለው የሞስኮ ሕንፃ ነው። የግል ክፍሎቹ ትንንሽ ሆነው ምግቡ በጋራ አዳራሽ፣ ልብሱ በጋራ ማጠቢያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን ምግቡን ከጋራው ማድ ቤት እየወሰዱ በየቤታቸው መብላትን መረጡ። በለንደንም አርክቴክት ዌልስ ኮትስ በ1934 በሎውን መንገድ የሠራው ሕንፃ፣ ከአንድ ትልቅ ማድ ቤት ምግብ ለየፎቁ በምግብ አሳንሰር የሚደርስበት ነበር፤ በ1937 ግን ያ ማድ ቤት ተለውጦ መጠጥ ቤት ያለው ክበብ ሆነ። ሁለቱም ሕንፃዎች ዛሬ ታድሰው ሰው ይኖርባቸዋል፤ በሥነ ሕንፃ ታሪክም የከበሩ ናቸው። ያልቆየው የጋራው ገበታ ነው። አንድ ቤተሰብ የዕለት ምድጃውን ከተነጠቀ፣ የጋራው ማድ ቤት የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን እንደ ጉድለት እንጂ እንደ ትርፍ አይቆጥረውም።

በዴንማርክ የተገኘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ያን ጉድማን ሖየር የተባለ አርክቴክት በ1964 ወዳጆቹን ሰብስቦ በጋራ ስለሚሠሩት ሰፈር መምከር ጀመረ፤ በ1967ም ቦዲል ግራ የተባለች ጸሐፊ፣ ልጆች መቶ ወላጅ ሊኖራቸው ይገባል የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣች፤ ይህን አሳብ የወደዱ ሰዎች ተሰባስበው በ1972 ከኮፐንሃገን በስተሰሜን ሴተዳመን የተባለውን ሰፈር አቋቋሙ። በዚያ ሰፈር እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ደጅ፣ የራሱ ማድ ቤትና የራሱ መታጠቢያ አለው። ከዚህም በላይ አንድ የጋራ ቤት ተጨምሮለታል። በዚያ አሠራር የጋራውን ራት የሚያበስሉት በተራ ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው ጥቂት ማታ ደክሞ የቀሩትን ማታዎች ተቀምጦ ይበላል፤ ያላሻውም በቤቱ ይቀራል። እንዲህ ዐይነቱ ሰፈር በልምድ ከ20 እስከ 35 ያህል ቤተሰብ ሲይዝ ይስማማዋል ይባላል፤ ከዚያ ካነሰ ወጪው ይከብዳል፣ እጅግ ከበዛም ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ሳይተዋወቅ ይቀራል። ለነጋዴው የሚጠቅመው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ የተሰባሰቡት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነው፤ ማን ከማን ጋራ እንደሚኖር ንድፍ አውጪው ያውቅ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረውና ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ዙሪያ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬና በሌሎችም ቦታዎች የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ሥራ፣ የሕዝባችንን ልማድ ፈጽሞ የዘነጋ አልነበረም። በየሕንፃዎቹ መካከል የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቷል፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለበዓል ከብት የሚታረድበት እንዲሆን ነበር። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ይህ ቤት ለታሰበለት ሥራ ሳይውል ለሱቅ፣ ለሕፃናት መዋያና ለመሳሰለው ተከራይቷል፤ ኪራዩ ለነዋሪዎች ማኅበር ገቢ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ሆኖም ለጋገራ የታነጸ ቤት ሱቅ የሆነበትን ምክንያት መመርመር ያስፈልጋል።

አንደኛው ምክንያት ደረጃው ነው። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ከአራተኛ ፎቅ የምትኖር እመቤት ሊጡን በባልዲ፣ ሰፌዱንና አክንባሎውን በእጅ ይዛ ወርዳ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ጋግራ ስታበቃ የጋለውን እንጀራ ተሸክማ መውጣት ይኖርባታል። በዚህ መካከል ሕፃን ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። ሁለተኛው ምክንያት ቆጣሪው ነው፤ መብራቱ የሚከፈለው በማን ስም እንደ ሆነ ያልተወሰነበት ምጣድ ብዙ ዕድሜ የለውም። ሦስተኛው፣ ሰዎቹ በዕጣ የተገናኙ መሆናቸው ነው። አንዱ ከካዛንቺስ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከጉለሌ መጥቶ በአንድ ደረጃ ላይ ሲገናኝ፣ ዕድሩም ማኅበሩም የቀረው በቀድሞው ሰፈር ነው። ሕንፃው ለጋራ ኑሮ የተነደፈ ሆኖ ሳለ የጋራ ኑሮ ያላቸው ሰዎች አልገቡበትም። ይህ በሲሚንቶ የሚጠገን ጉድለት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የንድፍና የሒሳብ ጉዳዮች ስለ ሆኑ በምሳሌ እናስላቸው። 24 ቤተሰቦች ያሉበት አንድ ሕንፃ ይኑር እንበል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለጋገራና ለልብስ ማጠቢያ ብቻ 4 ካሬ ሜትር ቢያዝለት ጠቅላላው 96 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ ፋንታ በየቤቱ የዕለቱ ወጥ የሚሠራበት ትንሽ ማድ ቤት ቀርቶ፣ ለጋገራና ለአጠባ 40 ካሬ ሜትር የጋራ ክፍል ቢሠራ 56 ካሬ ሜትር ይተርፋል። ይኸውም ለአንዲት ደኅና ባለ ሁለት መኝታ ቤት የሚበቃ ስፋት ነው። አሁን ስንት ምጣድ ያስፈልጋል? ቤተሰቡ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋግርና አንዱ ጋገራ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ የሁሉም ድምር በሳምንት 96 ሰዓት ነው። ክፍሉ በቀን 12 ሰዓት ክፍት ቢሆን አንድ ምጣድ በሳምንት 84 ሰዓት ሊያገለግል ይችላል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁለት ምጣድ ከበቂ በላይ መስሎ ይታያል። የሚያታልለውም ይህ ስሌት ነው። ለፋሲካ ዋዜማ ሃያ አራቱም ቤተሰቦች በአንድ ቀን ይጋግራሉ፤ ይህም 48 ሰዓት ስለ ሆነ በሁለት ምጣድ ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት ይፈጃል፤ በአራት ምጣድ ግን በ12 ሰዓት ያልቃል። ወረፋ የሚያጣላው በተራው ሳምንት ሳይሆን በዋዜማው ስለ ሆነ፣ የጋራ ክፍል የሚለካው ሰው በበዛበት ቀን መሆን አለበት።

የመብራቱም ነገር እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 4 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ሃያ አራቱ ቤተሰቦች በየቤታቸው በአንድ ሰዓት ቢጋግሩ 96 ኪሎዋት ይጠየቃል፤ አራቱ የጋራ ምጣዶች ግን ቢበዛ 16 ኪሎዋት ነው የሚጠይቁት። ሽቦው፣ ማከፋፈያው ሣጥንና ትራንስፎርመሩ በዚህ ልክ ሊቀልሉ ይችላሉ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ምጣድ የካርድ ቆጣሪ ቢገባለት፣ የጋገረው ይከፍላል፤ ክርክሩም ከሥሩ ይቀራል። እርግጥ ነው፣ ዛሬ እንጀራ ከሱቅ የሚገዛ ቤተሰብ እየበዛ ሄዷል። ይህም ቢሆን ክፍሉን ከንቱ አያደርገውም፤ በሥራ ቀን እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ ሴቶች በኪራይ ቢሰጥ፣ ነዋሪው ትኩስ እንጀራ ከደረጃው ሥር ያገኛል፣ ማኅበሩም ለጥገና የሚሆን ገቢ ይኖረዋል። በዋዜማ ግን ክፍሉ የነዋሪው ነው ተብሎ በውሉ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።

የጋራው ክፍል የት ይቀመጥ? ከግቢው ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ የተቀመጠ ክፍል በሩቅ ያለ ዘመድ ነው፤ ካልተጠራ አይመጣም። ሰው ዕለት ዕለት ከሚያልፍበት ከደረጃው አፍ አጠገብ ቢሆን፣ ማለዳ የወጣው ከሥራ የተመለሰውም ያየዋል፤ መብራት ሲበራ «ማን አለ?» ብሎ ጎራ ይላል። መስኮቱ ወደ ልጆቹ መጫወቻ ቢዞር ደግሞ እናት እየጋገረች ልጇን ትጠብቃለች። የጢሱና የእንፋሎቱ መውጫ ግን ከጣራው በላይ መዝለቅ አለበት፤ ይህ ካልሆነ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ በመጀመሪያው ወር አቤቱታ ያቀርባል፤ እውነትም አለው።

ስለ ዕርዱ ጥቂት እንበል። ቅርጫ ለመግባት የሚሰበሰቡ ጎረቤቶች ከጋራ ቤት ነዋሪዎች ሁሉ ይልቅ በሥርዓት የሚሠሩ ናቸው። የማረጃው ስፍራ ግን የሚያገለግለው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለ ሆነ ለብቻው መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚፈልገው ዘንበል ያለ ለስላሳ ወለል፣ በቂ ውሃ፣ ጠንካራ ማንጠልጠያና ከዝናብ ቦይ ጋራ የማይገናኝ የደም መውረጃ ነው። ከማንጠልጠያው በቀር ይህ ሁሉ ለልብስ ማጠቢያም ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ወለል ለሁለቱም ይበቃል፤ ከዕርድ በኋላ ማን እንደሚያጥበው ይወሰን እንጂ። ክርስቲያንና ሙስሊም ባንድነት በሚኖሩበት ሕንፃ ግን ማረጃውና መሣሪያው ለየብቻ እንዲሆን ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት፤ ይህን የዘነጋ ንድፍ የሕንፃውን እኩሌታ ነዋሪ ከጋራው ቤት ያስወጣል።

የሐዘን ድንኳንም የንድፍ ጉዳይ ነው ብንል የሚደነቅ አይኖርም ብለን እናምናለን። ከሲንጋፖር የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመው የዚያች አገር የቤት ሥራ ቦርድ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሕንፃዎቹን ምድር ቤት ያለ ግድግዳ፣ በዐምድ ብቻ ክፍት አድርጎ መተውን ልማድ አደረገ። ዛሬ ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው ነዋሪ ቦርዱ በሠራቸው ቤቶች ይኖራል። በዚያ ክፍት ወለል ላይ ማሌዩ ሠርጉን ይደግሳል፣ ቻይናው ሙታኑን ይሸኛል፤ በሌላው ቀን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ። በእኛ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤቱ ለንግድ ተከፋፍሎ በጨረታ ይሸጣል፤ የንግዱ ገቢ ለሥራው ወጪ ስለሚረዳ ይህ ጋዜጣ ሊቃወመው አይችልም። ነገር ግን መንገድ የሚያየው ወገን ለሱቅ፣ ግቢ የሚያየው ወገን ለድንኳን ፋንታ ቢተው፣ ሁለቱም ይገኛል። ከግቢው ገጽ ያለ ሱቅ ገዢ እንደማያገኝ ነጋዴው ራሱ ያውቃል። ከጎኑም የዕድሩ ወንበር፣ ድስትና ሳሕን የሚቀመጥበት አንድ ዕቃ ቤት ይጨመርበት። ዕድር ዕቃ ቤት ባገኘበት ስፍራ ሁሉ ሥር ይሰዳል፤ ከቀድሞው ሰፈር ለተነሣ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ድምፅን የሚመለከተው ክፍል አጭር ነው። በጋራ መኖርን የሚያስመርረው የጋራው ክፍል ሳይሆን ቀጭኑ የግል ግድግዳ ነው። በአግሮስቶን ወይም በቀጭን ብሎኬት በተከፈለ ቤት የጎረቤት ሳል ይሰማል፤ በቤቱ ዕረፍት ያላገኘ ሰው ደግሞ በሩን ከፍቶ ወደ ጎረቤቶቹ አይወጣም። በጋራው ክፍል ከተረፈው ገንዘብ ጥቂቱ በሁለት ቤቶች መካከል ላለው ግድግዳ ቢውል የተገባ ነው።

ገንዘቡን አውጥቶ ኪራይ ለመሰብሰብ ለሚያስብ ነጋዴ በቅርብ ዓመታት የሆነውን ማወቅ ይበጃል። በለንደን ዘ ኮሌክቲቭ የተባለ ኩባንያ በ2016 ከ500 በላይ ትንንሽ ክፍሎች ያሉትን፣ ማድ ቤቱ፣ መዝናኛውና የሥራ አዳራሹ የጋራ የሆነውን ሕንፃ ከፈተ፤ በ2021 ከወረርሽኙ ዘመን በኋላ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአጣሪዎች እጅ ገባ። በአሜሪካም ኮመን የተባለው የዚሁ ዐይነት ኩባንያ በ2024 ከሰረ። የእያንዳንዱ ውድቀት የራሱ ምክንያት አለው፤ ስለዚህ ሁሉንም በንድፉ ማሳበብ ልክ አይሆንም። ቢሆንም አንድ ነገር ይታያል። ለጥቂት ወራት የሚከራይ ሰው የጋራውን ዕቃ እንደ ሆቴል ዕቃ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ የሚያጸዳ፣ የሚጠግን፣ የሚያስታርቅም ሠራተኛ መቅጠር የባለቤቱ ዕዳ ይሆናል። በጋራ በመጠቀም የተረፈው ገንዘብ በደሞዝ ይሄዳል።

በዙሪክ ከተማ ግን በ2014 የተከፈተው ካልክብራይተ የተባለው ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሟል። የተሠራው ከትራም ማቆሚያ በላይ ነው፤ መሬቱን ከተማው በሊዝ ሰጥቷል፤ ባለቤቱ ነዋሪዎቹ አባል የሆኑበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። 250 ያህል ሰው ይኖርበታል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወለል ከ35 ካሬ ሜትር በታች ሲሆን፣ ይህም ለስዊስ ሰው ጠበብ ያለ ነው። በፋንታው ልጁ ሲጎለምስ ወይም ወላጅ ለማስታመም ሲያስፈልግ ለተወሰነ ጊዜ የሚከራዩት ትርፍ ክፍል፣ ለእንግዳም የሚሆን ማደሪያ በሕንፃው ውስጥ አለ። አንድ የነዋሪዎች ቡድን አብሳይ ቀጥሮ ራቱን በጋራ ይበላል፤ የቀሩት በየቤታቸው። ምድር ቤቱና አንዳንዱ ፎቅ ለሱቅ፣ ለሲኒማና ለምግብ ቤት ተከራይቷል። የዙሪክ ሕዝብ በ2011 በሰጠው ድምፅ፣ ትርፍ የማይፈልጉ ባለቤቶች የያዟቸው የኪራይ ቤቶች ድርሻ እስከ 2050 ከሦስት አንድ እጅ እንዲደርስ ወስኗል። በእኛ አገር ባለ አንድ መኝታ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ከክፍለ ሀገር እናቱ ለሕክምና ሲመጡበት የት ያሳድራቸው? በየሃያ አራት ቤተሰቡ ሁለት የእንግዳ ክፍል ቢኖር፣ የቀን ኪራዩም መጠነኛ ቢሆን፣ ሳሎን ላይ ፍራሽ ማንጠፍ ይቀር ነበር። ከዘረዘርናቸው ሁሉ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ጥቅም የሚሰጠው ይህ ክፍል ነው ብለን እንገምታለን።

በሕግ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራ የሆነውን ክፍል በመተዳደሪያ ደንብ እንዲያስተዳድሩ፣ ለጋራ ወጪም እንዲያዋጡ ይደነግጋል። ችግሩ ደንቡ ብዙውን ጊዜ የሚጻፍ ሰዎቹ ከገቡ በኋላ፣ አንዳንዱም ከተጣሉ በኋላ መሆኑ ነው። በማኅበር ተደራጅተው ቤት ለመሥራት የሚነሡ ሰዎች ግን እንደ ዴንማርኮቹ አስቀድመው የሚተዋወቁ ስለ ሆኑ፣ ከአርክቴክቱ ጋራ በሚፈራረሙበት ቀን ይህን ጉዳይ መጨረስ ይችላሉ። በዚያ ወረቀት ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነገሮች ተራ መስለው የሚታዩ ናቸው። የወር መዋጮው ስንት ነው? በቤቱ ስፋት ይከፈል ወይስ በቤተሰቡ ቁጥር? ተከራይ ያስገባ ባለቤት መዋጮውን ራሱ ይክፈል ወይስ ተከራዩ? ምጣድ ቢሰበር በማን ወጪ ይተካል? የእንግዳው ክፍል ለአንድ ቤተሰብ በተከታታይ ስንት ሌሊት ይሰጣል? የጋራው ቤት ቁልፍ በዘበኛው እጅ ይሁን፣ በሊቀ መንበሩ ወይስ በየቤተሰቡ? በዚህ በመጨረሻው ላይ የእኛ አስተያየት በየቤተሰቡ ይሁን የሚል ነው፤ ሃያ አራት ቁልፍ ማስቀረጽ አንድ ዘበኛ ፍለጋ በሌሊት ከመንከራተት ይረክሳል።